በግራ በሩ ላይ የቀረው እጅ

ለዘሀራ አባት፣ ለኑሪ፤

ባለህበት ሰላም ይደረብልህ። ከተለያየን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ዓመት ያህል በሕይወት አለህ ብዬ ተቆጥቼብህ ነው የኖርኩት፤ የቀረውን ደግሞ ስለ ቁጣዬ አፍሬ። ለዚህ ነው የዘገየሁት። የምጽፍልህ የየዕለቱን ዝናብ፣ የመንገዱን ሁኔታና ከማን ጋር ምን እንደተነጋገርኩ በማሰፍርበት ደብተር ጀርባ ላይ ነው። «ይህን ሁሉ ጽፈሽ ማን ሊያነብልሽ ነው?» እያልክ የምትስቅበት ደብተር ነው። ይኸው አንባቢው አንተ ሆንክ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ዘሀራ የወተት ጥርሶቿን ጨርሳ አዲስ አብቅላለች፤ ቁመቷ ሰም የማቀልጥበትን በርሜል አልፏል። ግትርነቷ ያንተ ነው፤ አፏ የኔ ነው ይላሉ። ጣልያኖቹ አሁንም መቱ ናቸው። የገበያውን በላይ በኩል አጥረውታል፤ ከያዮ ማርና ሰም ይዘው የሚመጡት ሰዎች አሁን በታች በኩል ዞረው ነው የሚገቡት። እኔም ሱቁን ወደ ታች አዛወርኩት። ገበያ የሚሄድበትን እንጂ የነበረበትን አይጠብቁም።

መኪናዋም እቤት ናት። አዎ፣ ጥቁሯ መኪና። ሞተሯን አውጥተው ለካሚዮናቸው ወስደዋል፤ አካሏ ግን የቡና መጋዘናችን ውስጥ በአራት ድንጋይ ላይ ቆሟል። እንዴት እንደመጣች ልንገርህ። የደብዳቤው ጉዳይ እሱ ነው።

ጎሬ የነበረው የውጭ አገር ቡና ነጋዴ ያስመጣት ጊዜ ታስታውሳለህ? በጀልባ ጋምቤላ ድረስ መጥታ፣ የቡሬን ዳገት አንተ ነህ ያወጣሃት። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ የማኒቬላውን ብረት ከፊት እየጠመዘዝክ ስታስነሳት ብረቱ ወደ ኋላ መታህና የቀኝ እጅህን የቀለበት ጣት ይዞ ሄደ። እቤት ስትመጣ እጅህን በጨርቅ ጠቅልለህ መጀመሪያ ያወራኸኝ ስለ ቀለሟ ነበር። «ዘይነባ፣ ፊትሽን ታዪባታለሽ» አልከኝ። ጣትህን ስጠይቅህ «አራቱ ይበቃሉ» ብለህ ዝም አሰኘኸኝ።

ከዚያ ወዲያ ከያዮ ሰም በመጣ ቁጥር ምርጡን ቀድመህ ታነሳ ነበር። ሌላው ሾፌር በጨርቅ ሲቀባ አንተ በባዶ መዳፍህ ነው። ሰሙን በሁለት እጅህ መሃል አሙቀህ፣ በቀለሙ ላይ እያዞርክ፣ እያዞርክ። ቆሜ አይቼህ «እኔን ቅቤ ቀብተኸኝ እንኳ አታውቅም» ብልህ ቀና ሳትል «የሚዝገው ብረት ነው፤ አንቺ አትዝጊማ» አልከኝ። ሦስት ቀን አኩርፌ፣ ሦስት ቀን ለብቻዬ ስቄበታለሁ።

ደግሞ አንድ ሕግ ነበረህ። እጅህን ቀለሙ ላይ አሳርፈህ አታቆምም። «ሰም የሚወደው የሚዞር እጅ ነው፤ የቆመ እጅ ጠባሳ ይተዋል» ትል ነበር። ሰው ሊደገፋት ሲሞክር እንደ እባብ ነካሽ ነበርክ። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጣልያን ሲገባ ነጋዴው ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ መኪናዋ ቀረች። መቱ የተቀመጠው ካፒቴን እሷን ሲወስድ አንተንም ከነቁልፉ አብሮ ወሰደህ። በዚያ የመስከረም ጠዋት፣ ያዮ ድረስ እንወርዳለን ብለውኛል ብለህ፣ በራችን ላይ ስትቀባት አረፈድክ። ሙሉ ድቡልቡል ሰም ጨረስክባት። ዘሀራ ልታቅፍህ ስትሮጥ «እጄ ሰም ነው» ብለህ በክርኖችህ አቀፍካት። መጨረሻ ያየሁህ እንዲያ ነው፤ ሁለት መዳፍህን ወደ ሰማይ ዘርግተህ፣ ልጅህን በክርንህ ይዘህ።

ማታ መኪናዋ ሌላ ሾፌር ይዟት፣ በካሚዮን ተጎትታ ተመለሰች። አስተርጓሚው፣ ጋሽ አስፋው፣ ራቅ ብለው ቆመው «እትዬ ዘይነባ፣ ባልዎ ያዮ ላይ ወርዶ ጠፋ» አሉኝ። ጠፋ። የጠፋ ሰው ደግሞ አገሩ የፈለገውን ይሆናል። ገሚሱ ሱዳን ወስዶ ከነጋዴው ጋር አኖረህ፤ ገሚሱ ቡሬ ላይ አግብቶልህ ልጅ ወለደልህ። ጎረቤታችን ፋጡማ እንኳ ሰፌድ ልትዋስ መጥታ «ሾፌር ያገባች መንገድ አገባች» ብላኝ ሄደች። ዘሀራን ልጆች «ጥሎሽ የሄደው አባትሽ» ይሏት ጀመር። ቃዲው ጋ ብሄድ «ሁለት ዓመት ጠብቂ። ወሬው ካልመጣ ጥሎ እንደሄደ ተቆጥሮ ትፈቺያለሽ» አሉኝ። ሚስት አይደለሁም፤ ባል የሞተባትም አይደለሁም። አላለቀስኩልህም፤ ያልሞተ ሰው አይለቀስለትም። ተቆጣሁህ እንጂ።

ቃዲው የሰጡኝ ቀን ሊደርስ አንድ ወር ሲቀር፣ በነሐሴ፣ ጋሽ አስፋው ሦስት ቆርቆሮ ታቅፈው ሱቄ መጡ።

«ከጎሬ ትልቅ ሹም ሊመጣ ነው። መኪናዋ ደብዝዛለች፤ አዲሱ ሾፌር በውኃ ከማጠብ በቀር ምንም አያውቅም። ካፒቴኑ ሰም አስመጥተዋል። ሦስቱም ላይ ካርናውባ ተብሎ ተጽፏል፤ የቱ እንደሚሻል ግን እኔ ምን አውቄ? ሰም የሚያውቅ ሰው እርስዎ ነዎት አልኳቸው።»

«ካርናውባ ማለት?»

«ብራዚል የሚባል አገር ከዘንባባ ቅጠል ተፍቆ የሚወጣ ሰም ነው።»

«ንብ የሌለበት ሰም?»

«ንብ የሌለበት።»

«እንግዲያው እኔን ሳይሆን ፍየል ይጠይቁ» አልኳቸው። ሳቁ። በዚያ ቀን የሳቁት የመጨረሻ ሳቅ ነው።

መኪናዋን ማየት አልፈልግም ነበር። ግን ካፒቴን አይከለከልም፤ ሸቀጥ መመርመር ደግሞ ሥራዬ ነው። ቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ለሻጩ እንጂ ለገዢው አይመሰክርም። የመጀመሪያውን ከፈትኩና ጥፍሬን ሰደድኩበት፤ እስከ ሥጋው ሰመጠ። ሽታው የሻማ ነው። ካርናውባ የሚባለው ስሙ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ዓይን የሚያስለቅስ የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል፤ ሲያሹት ያብረቀርቃል፣ ጣት ላይ ግን ቅባት ይተዋል፤ ቅባት ደግሞ አቧራ ይጠራል። ሦስተኛው ፊቱ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጥፍር አይገባውም። በመዳፌ ብዙ ብይዘውም አልለሰለሰልኝም። ፍርፋሪውን ብነክሰው እንደ ደረቅ ሙጫ ቀጭ አለ፤ ሽታው የደረቀ ሣር ነው። እውነተኛው እሱ እንደሆነ ያኔውኑ ገመትኩ።

ግምት ግን ፈተና አይደለም። ካፒቴኑ ግቢ ሄጄ ሦስቱን በሮች በላምባ አጠብኩና አሮጌውን ሁሉ አነሳሁ፤ ለእያንዳንዱ በር አንዱን ቆርቆሮ ቀባሁ። አራተኛውን፣ የግራውን የኋላ በር፣ ምንም ሳልነካ ለማነጻጸሪያ ተውኩት። ከመጠለያዋ አውጥታችሁ ሜዳ ላይ አሳድሯት አልኩ። ሰም የሚፈረደው ጠዋት፣ ውኃ ሲያርፍበት ነው።

ንጋት ላይ ስሄድ ጉሙ መሬት ድረስ ወርዶ ነበር። ግቢው ውስጥ ዛፉም ዘበኛውም አይታይም፤ መኪናዋ ብቻ እንደ ጥቁር ላም ተኝታለች። የመጀመሪያው በር ላይ ውኃው እንደ አንሶላ ተዘርግቷል። የሁለተኛው ላይ ሰፋፊ ጠብታ ይንሸራተታል። የሦስተኛው ላይ ጠብታው እንደ ማሽላ ፍሬ ክብ ሆኖ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ ቆሟል። ነገሩ አለቀ፣ ሦስተኛው ነው ብዬ ልመለስ ስል፣ ያልተቀባውን ለመጨረስ ያህል ዞርኩ።

በሩ ጠፍጣፋ ውኃ ለብሷል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከታች ግን፣ ከመረገጫው ከፍ ብሎ፣ በጉልበቴ ልክ፣ ክብ ክብ ጠብታዎች ተሰብስበው እጅ ሠርተዋል።

መዳፍ። አውራ ጣት። ሦስት ጣቶች። የቀለበት ጣቱ ቦታ ባዶ ነው።

ጣቶቹ ወደ ላይ ነው የሚያመለክቱት። ከሥራቸው አራት መስመር ወደ መሬት ይወርዳል። የሚዞር እጅ አይደለም፤ የቆመ እጅ ነው፤ ቆሞም የተንሸራተተ።

ልቤ ምን እንዳደረገ አልጽፍልህም። ጭንቅላቴ ያደረገውን ግን ጻፍኩት፤ ደብተሬ ላይ አለ። አንደኛ፣ አንተ ቀለሙን እንዲያ አትይዝም፤ የወደቀ ሰው ካልሆንክ በቀር። ሁለተኛ፣ በመዳፍህ ላይ ይህን ያህል ሰም የነበረው ያን ጠዋት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሱዳን የለም፣ ቡሬ የለም፣ ከዚያ ቀን ማታ አላለፍክም። ሦስተኛውን ስጽፍ ብዕሬ ቆመ። ሰም ሻጭ ነኝ። የንብ ሰም በውኃ እየታጠበ ሁለት ክረምት እንደማይቆይ አውቃለሁ። ከሥሩ «ምክንያት» ብዬ ጽፌ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ቆመ። ጋሽ አስፋው ናቸው። በሩን አዩ፤ «በስመ አብ» አሉ፤ አማተቡ።

እኔ ዝም አልኩ። ገበያ ላይ እንደምታውቀኝ። ዋጋ ያልጠራ ገዢ ፊት ሻጭ አይቸኩልም፤ ዝምታው ሲከብደው ራሱ ዋጋውን ይጠራል። ጉሙ ውስጥ ቆመን፣ እሳቸው እጁን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ።

«እኔ አልተኮስኩም» አሉ።

ማን ተኮሰ ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። 

«ቁልፉን ገደል ወረወረው እኮ፣ እትዬ! ማን ወርውር አለው? መንገድ አሳይ ነው የተባለው። ቀፎ የሚሰቅሉት ሰዎች ጫካ ላሉት አርበኞች ማር ያቀብላሉ ተብሎ፣ መንደራቸውን አሳይ ነው የተባለው። አላውቀውም አለ። ሚስትህ ከእነሱ አይደል እንዴ ሰም የምትገዛው ሲሉት መኪናዋን አቆመ፣ ቁልፉን ወረወረ፣ በሩን ከፍቶ ወረደ። ሲመቱት የኋላውን በር ያዘ። ገባ ከሚባለው ወንዝ መውረጃ በላይ፣ ትልቁ ዋንዛ ሥር ነው ያለው። በአፈር ነው፤ አልተጣለም። እኔ ነኝ የለመንኩለት።»

በእኔ ሰም የተነሳ ሞትክ፣ ኑሪ። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በሌላ ሴት ቀናሁብህ።

«ይህን በላምባ ያጥቡት» አሉኝ፤ እጄን ሊይዙ ደርሰው። «ያን ደረቁን ይቀቡበት፣ ይዘጋ። ካፒቴኑ ካዩትና ካወቁ እኔም እርስዎም አልቀናል። ልጅ አለዎት።»

እውነት ነበራቸው። በላምባ ካጠብኩት ትጠፋለህ። ሳላጥብ ደረቁን ካርናውባ ከደረብኩበት ደግሞ ጉም ሲወርድ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠብታ ይዞ አንተ ከመሃሉ አትለይም። ሳልቀባ ከተውኩት አንዱ በር ደብዝዞ ካፒቴኑ ለምን ይላል። የቀረው የመጀመሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሹሙ እስኪመጣ የሚያበራ፣ ጥቂት ዝናብ ጠርጎ የሚወስደው የሻማ ሰም። በንግድ ዘመኔ መናኛውን ሰም ደህና ነው ብዬ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ያዮዎች በአፌ የሚያምኑት ለዚህ ነው።

ካፒቴኑ ቁርሱን እያኘከ ወጣ። ጉሙ መነሳት ጀምሯል፤ ጠብታዎቹ እየረገፉ ነው። «ሦስተኛው ምርጥ ነው» አልኩ፤ «ለመላው መኪና። ይህ በር ግን እርጥበት የገባው ቀለም ነው። ደረቅ ሰም ከጠበቀበት ተሰንጥቆ ይላጣል። ለስላሳውን፣ የመጀመሪያውን እንቀባው፤ ላምባም አይንካው።» ጋሽ አስፋው በሩን ሳያዩ ተረጎሙ። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን በሩ ላይ፣ ልክ መዳፍህ መሃል ላይ ጫነ። ዓይኔን አልሰበርኩም። ጣቱን አነሳ፣ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ አንድ ነገር ብሎ ሳቀ።

«ይህች ሴት የቀለም ሐኪም ናት ወይ እያሉ ነው» አሉ ጋሽ አስፋው።

«ናት በሏቸው።»

ያን በር የቀባሁት በጨርቅ ጫፍ ነው፤ ሳልጫን፣ እንደ ቁስል።

በማግስቱ ቃዲው ጋ ሄድኩ። «ባሌ ሞቷል» አልኩ። «ማን መሰከረ?» አሉኝ። «የነበረ ሰው» አልኩ። ብዙ አዩኝና መዝገቡን ዘጉት። «ከዛሬ ጀምረሽ ዒዳሽን ተቀመጪ» አሉኝ። አራት ወር ከአሥር ቀን የባል ሐዘን ተቀመጥኩልህ። ፋጡማ መጥታ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች፤ ሰፌዱንም መለሰች። ዘሀራን አስቀምጬ «አባትሽ ጥሎሽ አልሄደም» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። ከየት እንዳወቀች አልጠየቅኳትም።

ሹሙ መጥቶ፣ አይቶ፣ ሄደ። ከዚያ ዝናቡ የሻማውን ሰም ጠረገና በመጀመሪያው ጉም እጅህ ወጣ። ያዩት የካፒቴኑ ወታደሮች በግራ በኩል አንቀመጥም አሉ። ገበያው ውስጥ ወሬው እንደ ውኃ ገባ፤ ሰዉ መኪናዋን «ሐርካ ኑሪ»፣ የኑሪ እጅ፣ ይላት ጀመር። ከዳሪሙ ለገበያ የመጣች አንዲት ሴት ኑሪ ማን ነው ብላ ስትጠይቅ ሌላዋ «ሲሞት እንኳ መኪና የሚወለውል ሰው» ብላ መለሰችላት። አንተ ብትሰማ ደስ ይልህ ነበር። ካፒቴኑ በላምባ አስፈተገው። በሚቀጥለው ጉም እጁ እዚያው ነበር። አጣቢው ነው የነገረኝ፤ ፈርቶ በደንብ አላሸው ይሆናል ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለተኛ አስፈተገው። ይህን ጊዜ አጣቢው ምንም አልነገረኝም፤ ሥራውን ትቶ ወደ ጎሬ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ አክሷ ተሰበረ። ሞተሯን አውጥተው አካሏን ግቢ ጥግ ጣሉት። እኔም ሄጄ በማር ለወጥኳት። «ቆርቆሮ ቤት ልከድንበት ነው» አልኩ። ካፒቴኑ ከፊቱ እንድትነሳለት ብቻ ነበር የፈለገው። «ምርቃቱስ?» አልኩ፤ የገበያችን ወግ ነውና። ምን ትፈልጊያለሽ ሲባል የቀረውን የሦስተኛውን ቆርቆሮ ጠየቅኩ። ከማር ጋር አብረህ የምትመዘን አይደለህምና፣ ያ ቀን ዋጋ ያልተከራከርኩበት ብቸኛ ቀኔ ነው። በበሬ አስጎትቼ እቤትህ አስገባሁህ።

ዋንዛውንም አየሁት። ሰም ልገዛ እንደወረድኩ ሆኜ ሄድኩ። ቀፎ ሰቃዮቹ ሳልጠይቃቸው ወስደው አሳዩኝ። መንደራቸው እንዳለ ነው፤ ጭሱን ከሩቅ አየሁት። በዙሪያው ባሉት ዛፎች ሁሉ ቀፎ ተንጠልጥሏል፤ ዋንዛው ላይ አንድም የለም። ፋቲሃ ቀራሁልህ። ስነሳ ንቦች መሬቱ ላይ፣ በአንተ ልክ ርዝመት፣ ዝም ብለው ተቀምጠው አየሁ። አልነኩኝም። ይህንንም ጽፌያለሁ፤ ያለ ምክንያት።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። የዘንድሮው በጋ ረጅም ነበር። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያው ጉም ሲመጣ የመጋዘኑን በር ከፍቼ አስገባሁት፤ ጠበቅኩ። እጅህ ሳስቷል። አውራ ጣቱ ጠፍቷል፤ የመዳፉ መሃል ቀዳዳ ሆኗል። ላምባ ያልቻለውን የቤቱ ደረቅ አየር ቻለው። ቤቱ ደርሶ ሊያርፍ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ግን እኔ ነጋዴ ነኝ፤ እጄ የገባውን እንዲሁ አልለቅም።

ቆርቆሮውን አወጣሁ። የያዮ ሰም ያንተ ነው፤ ይወዳል፣ ይለሰልሳል፣ ይሄዳል። ካርናውባው ደረቅ ነው፤ የማር ሽታ የለው፣ ትዝታ የለው፣ ግን ይቆያል። ስለዚህ እሱን መረጥኩ። ፀሐይ ላይ አስቀምጬ፣ በመዳፌ አሽቼ አሽቼ አሞቅኩት። ከዚያ ተንበረከክኩ፣ የቀለበት ጣቴን ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣ እጄን እጅህ ላይ አሳረፍኩ። አላዞርኩትም። አቆምኩት። ጠባሳ እንዲተው።

እጄ ካንተ እጅ እንደሚያንስ ታውቃለህ፤ ጓንትህን ሳጠልቅ ትስቅብኝ ነበር። ስለዚህ የሚወጣው ምልክት ያንተ ቦታ ላይ ያረፈ የኔ ትንሽ እጅ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ በዚያም ተስማምቼ ነበር።

ዛሬ ንጋት ጉሙ ሲገባ ዘሀራን ይዤ ሄድኩ። ጠብታው ክብ ክብ ሆኖ ቆሟል፤ አውራ ጣቱ ተመልሷል፤ መዳፉ ሞልቷል። መዳፌን አጠገቡ ያዝኩና ለካሁ። የእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ከኔ ጫፍ በአንድ አንጓ ይበልጣል።

ያንተ ልክ ነው፣ ኑሪ።

ዘሀራ ምንም ሳልላት የቀለበት ጣቷን አጥፋ አሳየችኝ። «እንዲህ ነው አይደል?» አለች። እንዲህ ነው። በየዓመቱ የመጀመሪያው ጉም ከመውረዱ በፊት እኔ እቀባዋለሁ፤ እኔ ስደክም እሷ ትቀባዋለች። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ለሁለታችን ዕድሜ ይበቃል፤ ለክቻለሁ። ጣልያኑም ሄዶ፣ መኪናዋም ዝጋ አፈር ብትሆን፣ ያ በር አይዝግም።

አንቺ አትዝጊም ብለኸኝ ነበር። አልዛግኩም።

ሚስትህ ዘይነባ
መቱ